ድንኳናችን የት እንዳለ አውቅ ነበር

የእድራችን ንብረት ያዥ ሆኜ የተመረጥኩት በሌለሁበት ነው። እንዲህ ያለ ሹመት ስብሰባ ላይ ለተገኘ ሰው አይሰጥም፤ የተገኘ ሰው አፍ ስላለው ወገቤን ያመኛል ይላል፣ መንገድ አለብኝ ይላል፣ ቢቸግረው ይቆጣል። እኔ በዚያ እሁድ ከጉምሩክ ፊት ለፊት ባለችው ፎቶ ኮፒ ቤቴ ውስጥ ወረቀት የዋጠ ማሽን ሆዱን ከፍቼ ስታገል ነበር። ባለቤቴ ውባለም ከስብሰባው ስትመለስ «እንኳን ደስ ያለህ» አለችኝ። እኔ ሞኙ መብራት የመጣ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ንብረት መያዝ ምን ያስቸግራል የሚል አንባቢ ካለ መተማ ዮሐንስን አያውቃትም ማለት ነው። በከተማችን ከሚያድረው ይልቅ የሚያልፈው ይበዛል። ግማሹ ወደ ሱዳን ሊሻገር ነው፤ ግማሹ ከሱዳን ተሻግሮ ነው፤ የቀረው ሰሊጥ ለማጨድ ከደጋ ወርዶ ወደ አብደራፊ ወይም ወደ አብርሃ ጅራ የሚሄድ መኪና ይጠብቃል። ሰው እንዲህ በሚፈስበት ቦታ ዕቃም አብሮ ይፈሳል። የእድራችን ማንቆርቆሪያ ከለቅሶ ቤት ወደ ሰርግ ቤት፣ ከሰርግ ቤት ወደ ዝክር ይሄድና ከዚያ ወዲያ ወሬው ይጠፋል። አንድ ቀን ከድንበሩ ማዶ፣ ገላባት ላይ፣ አንዲት ሻይ ሻጭ የእድራችን ቀለም በተቀባ ወንበር ላይ ተቀምጣ አየኋት። እሷም አየችኝ። ወንበር ለማስመለስ ከሁለት መንግሥት ደብዳቤ የሚያስፈልገኝ መስሎኝ ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩ። ያውም ቆሜ ነው የጠጣሁት።

ከዕቃችን ሁሉ የምንመካበት ግን ድንኳኑ ነበር። የመተማ ፀሐይ ለቅሶ ደርሳ የምትሄድ አይደለችም፤ ተቀምጣ የምታመሽ ናት። ድንኳን የሌለው እድር እዚህ አገር እድር አይባልም፤ ሰው ሞቶበት ያዘነ ቤተሰብ ላይ ሌላ ሰው በፀሐይ ይሞትበታል። ድንኳናችን ወፍራም አረንጓዴ ሸራ ነው፤ የእድሩ ስም በቀይ ቀለም በትልቁ ተጽፎበታል። የሚቀመጠው በቆርቆሮዋ መጋዘናችን ውስጥ ሲሆን፣ መጋዘኗ ሁለት ቁልፍ አላት። አንዱ እኔ ዘንድ፣ ሁለተኛው የእድሩ ዳኛ አቶ አዱኛ ዘንድ ነው። አቶ አዱኛ የውባለም አባት ናቸው። በወጣትነታቸው ከሳንጃ መጥተው ሰሊጥ እያረሱ የኖሩ፣ ሰው የሚያስታርቁ፣ ከተማው በሙሉ «አያ አዱኛ» ብሎ ብድግ የሚልላቸው ሰው ናቸው። እኔም ብድግ እላለሁ፤ ያውም ከሌላው ቀድሜ፣ ልጃቸውን ይዣለሁና።

ድንኳኑ እንደ ማንቆርቆሪያዎቹ የሚጠፋብኝ ቀን እየታሰበኝ እንቅልፍ አጣሁ። በዚህ መሀል ነው እድሪስ ሱቅ የገባሁት። እድሪስ ከመናኸሪያው አጠገብ የስልክ ዕቃ፣ ሽቶና የሱዳን ሳሙና ይሸጣል። ጭንቀቴን ስነግረው ከመደርደሪያው ሥር የካፖርት ቁልፍ የምታክል ነጭ ነገር አወጣ።

«ያ ዞል፣ ያንተ መድኃኒት ይህቺ ናት» አለኝ። እድሪስ ሰውን ሁሉ እንደ ሱዳኖቹ «ያ ዞል» ነው የሚለው፤ አንተ ሰው እንደ ማለት ነው። «ዕቃህ ላይ ትሰፋታለህ። እሷ ራሷ ሩቅ አትጣራም። አጠገቧ ስልክ የያዘ ሰው ሲያልፍ ለስልኩ በብሉቱዝ ሹክ ትለዋለች። የሰውየው ስልክ ደግሞ ኔትወርክ ሲያገኝ ዕቃህ የት እንዳለ ላንተ ይልክልሃል። ሰውየው ምንም አያውቅም።»

«ሳያውቀው ይነግርብኛል?»

«ሳያውቀው ይነግርልሃል።»

«ኔትወርክ ከሌለስ?»

«እስኪመጣ ትጠብቃለህ። ሙሽኪላ የለም፤ ችግር የለውም።»

በኛ አካባቢ «ኔትወርክ እስኪመጣ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ግን ሻጭና ገዢ ልባቸው ከተገናኘ በኋላ እንዲህ ያለውን ነገር አያነሡትም። ገዛኋት። ሱቁን ለቅቄ ከመውጣቴ በፊት «ለማንም እንዳትናገር፤ ሌባ ከሰማ ይነቅላታል» አልኩት። እድሪስም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቃል ገባልኝ። ይህን ቃል ባልጠይቀው ምን ነበረበት እያልኩ እስከ ዛሬ እቆጫለሁ።

መከታተያዋን በጆንያ መርፌ የድንኳኑ ጠርዝ ውስጥ ሰፋኋት። ከድንኳኑ ይልቅ ጣቴን ብዙ ጊዜ ወጋሁት። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ሆንኩ። ፎቶ ኮፒ እያነሣሁ ስልኬን አያለሁ፤ ምሳ እየበላሁ ስልኬን አያለሁ። ካርታው ላይ አንዲት ነጥብ መጋዘኑ ላይ ተቀምጣለች። መጋዘኑ ደግሞ ከቤታችን ጀርባ ነው፤ ቀና ብል በመስኮት ይታየኛል። እኔ ግን በመስኮት የሚታየውን ትቼ በስልክ የሚታየውን አመንኩ። ውባለም ነገሩ አላምር ብሏት አንድ ቀን ስልኬን ነጠቀችኝ። ነጥቧን አየች። «ምንድን ናት?» አለች። «ድንኳኑ ነው» አልኳት። ሴት ቢሆን ይሻል ነበር የሚል ፊት አሳይታኝ ስልኩን መለሰችልኝ፤ ከዚያም ነገሩን ረሳችው።

ኅዳር ላይ እትዬ ጥሩወርቅ አረፉ።

እትዬ ጥሩወርቅ መናኸሪያው በር ላይ ሻይና አምባሻ እየሸጡ ልጃቸውን ባምላኩን ለጭነት መኪና ሹፌርነት ያበቁ ሴት ነበሩ። በዚህ ከተማ የሳቸውን ሻይ ሳይጠጣ ወደ እርሻ የወረደ ሠራተኛ የለም። በሰው ለቅሶ ላይ ደግሞ ቀድመው ደርሰው፣ ድንኳኑ ሥር መሀል ለመሀል ተቀምጠው፣ የማያውቁትን ሟች እንኳ በስሙ ጠርተው የሚያለቅሱ ነበሩ። ከዚህ ድንኳን ጥላ የሚገባቸው ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው።

ጠዋት ጥሩምባው እንደተነፋ የእድሩ ጸሐፊ አቶ ይርጋ ከአንድ ጎረምሳ ጋር ድንኳኑን ሊወስዱ መጡ። እኔም ስልኬን ሳላይ፣ ያን ቀን ብቻ ሳላይ፣ ቁልፌን እያንቃጨልኩ በኩራት ከፈትኩላቸው። ድስቶቹ አሉ። አግዳሚዎቹ አሉ። ድንኳኑ የነበረበት ቦታ ላይ አቧራ ያልነካው መሬት ብቻ ተኝቷል።

አቶ ይርጋ ጡረታ የወጡ የመንገድ ሥራ ሰው ናቸው፤ ነገር ቶሎ አይናገሩም። መጀመሪያ የበሩን ቁልፍ አገላብጠው አዩ፤ አልተሰበረም። ቀጥለው እጄ ላይ ያለውን ቁልፍ አዩ። ቀጥለው እኔን አዩኝ። ሁለተኛው ቁልፍ አቶ አዱኛ ዘንድ መሆኑን ሰው ሁሉ ያውቃል። ግን ይህን ዕውቀት አውጥቶ የሚያስብበት ሰው አልነበረም። እውነቱን ለመናገር እኔም አላሰብኩበትም።

ዞር ብዬ ስልኬን ከፈትኩ። ነጥቧ መጋዘኑ ላይ የለችም። ከኮኪት ወዲያ፣ ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ፣ መንገድም ቤትም በማይታይበት ባዶ ካርታ ላይ ቁጭ ብላለች፤ ወሬው የትናንት ማታ ነው።

«አገኘዋለሁ፤ ሳይመሽ ይዤው እመጣለሁ» አልኩ።

«የት እንዳለ ታውቃለህ ማለት ነው?» አሉ አቶ ይርጋ።

ሌባው እንዳይሰማ ብዬ «እንዲያው ይመስለኛል» ብዬ መለስኩላቸው። የመጀመሪያው ጥፋቴ ይህ ሳይሆን አይቀርም። ሁለተኛው ደግሞ ቀብሩ እንደሚያመልጠኝ አለማሰቤ ነው።

በባጃጅ አስፋልቱን ጨርሼ፣ ገጠር መንገዱ ላይ ለእርሻ ሠራተኞች የውሃ በርሜል የሚያመላልስ ትራክተር ተሳቢ ላይ ተንጠለጠልኩ። ጥቁሩ አፈር ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ግራና ቀኙ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ እንዲደርቅ የቆመ ሰሊጥ ነው፤ እኛ ሂላ እንለዋለን። ከሩቅ ሲያዩት ቁጢጥ ያለ ሰው ይመስላል። ያ ሁሉ ሰው እኔን የሚያየኝ መሰለኝ። ኔትወርኩ ጠፋ፤ ነጥቧ ግን ካርታው ላይ እንደተተከለች ቀርታለች።

«ወደ ማን እርሻ ነህ?» አለኝ ሹፌሩ።

ስልኬን ዘርግቼ ነጥቧን አሳየሁት። አገላብጦ አይቶ «ይህማ የአያ አዱኛ እርሻ ነው» አለኝ።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ምን እንዳሰብኩ ብነግርህ ታፍርብኛለህ። ሌባው የአማቴን ስም ለማጥፋት ድንኳኑን ወስዶ እርሻቸው ላይ ደብቆታል ብዬ አሰብኩ። መንገዱን ሙሉ ለአማቴ አዘንኩ። ይህን ክፉ ሰው ይዤ እግራቸው ላይ ስጥለው እንዴት እንደሚመርቁኝ እያሰብኩ በተሳቢው ላይ ብቻዬን ፈገግ ስል ሹፌሩ በመስተዋት አየኝ።

ደረስኩ። ሠራተኞቹ ከሣር ዳሳቸው ሥር ቆሎ ይቆረጥማሉ። ሜዳው ላይ ተራግፎ የተከመረ ሰሊጥ አለ፤ የአንድ ዓመት ልፋት ማለት ነው። ክምሩ ላይ የእድራችን ድንኳን በሥርዓት ተዘርግቶ፣ ጫፍ ጫፉ በድንጋይ ተይዟል። ቀዩ ጽሑፍ ወደ ሰማይ ዞሯል፤ ስማችን ለአሞራ ይነበባል።

ዓይኔን ማመን አቅቶኝ በስልኬ የድምፅ ማሰሚያዋን ተጫንኩ። የሰሊጡ ክምር እንደ ጫጩት ጮኸ። ሠራተኞቹ ከተቀመጡበት ተነሥተው አማተቡ።

«ደሞ ጀመረው» አለ አንድ ጎጃሜ፣ ቆሎውን ወደ ኪሱ እየመለሰ። «አላልኋችሁም? ይኼ ድንኳን የሙታን ነው። ባነሣነው ቁጥር ያለቅሳል። እኔስ ከዚህ ወዲያ እጄንም አላሳርፍበት።»

እድሪስ ያልነገረኝ ነገር ነበር። ይህቺ መከታተያ ከባለቤቷ ስልክ ርቃ ከቆየች፣ በተነቃነቀች ቁጥር በራሷ ትጮሃለች። ሠራተኞቹ ለካ ከትናንት ጀምሮ በመብረቅ እንደተመታ ዛፍ ነው ድንኳኑን የሚሸሹት።

አቶ አዱኛ ባርኔጣቸውን አድርገው ከሂላዎቹ መሀል መጡ። አዩኝ። ለምን መጣህ አላሉኝም፤ እንዴት አወቅህም አላሉኝም።

«ማን ሞተ?» አሉ።

ንብረት ያዥ ለድንኳን እርሻ ድረስ የሚመጣው ሰው ሲሞት ብቻ መሆኑን ያውቃሉ።

«እትዬ ጥሩወርቅ አረፉ» አልኳቸው።

ባርኔጣቸውን አወለቁ። አንድ ባዶ ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ወደ ድንኳኑ እያዩ «ታዲያ ለዚህ ነዋ ሲያለቅስ ያደረው» አሉ።

«አይ አባቴ፣ እሱ እንኳ ሌላ ነው» ብዬ ስለ መከታተያዋ አስረዳኋቸው። ጠርዙን ገልብጬ የሰፋሁበትን አሳየሁ፤ ስልኬን ከፍቼ ነጥቧን አሳየሁ። ስልኩን አርቀው ይዘው ብዙ ጊዜ አዩት።

«ስለዚህ ስትሰልለኝ ነበር» አሉ።

«አንቱን አይደለም፤ ድንኳኑን ነው።»

«ድንኳኑ ከኔ ጋር ነበር።»

ስልኬን ከእጃቸው ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩት።

«በሉ እንውሰደው፤ ሰዉ ፀሐይ ላይ ነው» አልኳቸው።

በጣታቸው ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ደጋው አሳዩኝ። ሰማዩ ጥግ ላይ ያለ ወቅቱ የመጣ ጥቁር ደመና ቆሟል። «ታየዋለህ? የራሴን ሸራ አይጥ በልቶት አገኘሁት። መኪና ይመጣል ያሉኝ ትናንት ነበር፤ አልመጣም። ሰሊጥ ተከምሮ ከረጠበ ይጠቁራል፤ የጠቆረውን ከብትም አይሸተውም። ለአንድ ሌሊት ነው ብዬ ወሰድኩት። በአንድ ሌሊት ማን ይሞታል አልኩ።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ጥሩወርቅ ትሞታለች ብዬ አላሰብኩም። ትናንት ሳልፍ ሻይ ሰጥታኛለች።»

«ታዲያ ምን እናድርግ?»

«ነገ ጠዋት መኪናው ሲመጣ እጭንና ድንኳኑን በገዛ እጄ አመጣዋለሁ። እስከዚያ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል። እኔ ራሴ እናገራለሁ።»

ይህን ሲሉ አላዩኝም። የድንኳኑን ጫፍ በእግራቸው እያስተካከሉ ነበር። እኔስ ምን ልበል? ያ ክምር የሳቸው ብቻ አይደለም፤ ክረምቱን እኛም ከሳቸው ጎተራ ነው የምንበላው። ድንኳኑን ነጥቄ ብሄድ ሰሊጡን አጠፋለሁ፤ ትቼው ብሄድ ስሜን አጠፋለሁ። ስሜ እንደ ሰሊጥ አይሸጥም ብዬ ተመለስኩ።

ከተማ ስደርስ ቀብሩ አልቋል። የድንኳን ነገር ሲጨንቀው ባምላኩ የጭነት መኪናውን አምጥቶ ቤታቸው ደጃፍ አቁሟል፤ ለቀስተኛው ሁሉ በመኪናው ጥላ ሥር ተደርድሯል። ፀሐይዋ ስትዞር ጥላው ይሸሻል፤ ጥላው ሲሸሽ ለቀስተኛው አግዳሚውን እያነሣ ይከተለዋል። ጥላው ጎማ ሥር ገብቶ ሲያልቅ ባምላኩ እናቱን ቀብሮ በመጣበት እጁ መኪናውን አስነሥቶ ትንሽ ያዞረዋል፤ ካህኑም ጸሎታቸውን አቋርጠው ይጠብቃሉ። ከዚያ እንደገና ይቀመጣሉ። ይህን ከጥግ ቆሜ አየሁ። በሕይወቴ ብዙ አፍሬያለሁ፤ እንደዚያ ግን አላፈርኩም።

አቶ ይርጋ ወደ እኔ መጡ። «አገኘኸው?»

«አዎ።»

«የት ነው?»

«ነገ ይመጣል።»

«ከየት ነው የሚመጣው?»

«ካለበት ነው» አልኩ። የሰው ልጅ ከዚህ የባሰ መልስ ሰጥቶ አያውቅም።

አመሻሹ ላይ ዝናቡ መጣ። አያ አዱኛ ትክክል ነበሩ፤ ያ ደመና የቀልድ አልነበረም። ሽማግሌው፣ ካህኑ፣ ሴቶቹ ሁሉ ከመኪናው ሥር ተሸጎጡ። አቶ ይርጋ ከኋላ ጎማ ጋር ተቃቅፈው አየኋቸው። እኔ ከመኪናው ሥር ቦታ የሚሰጠኝ ስላጣሁ ውጭ ቆሜ እስከ አጥንቴ ረጠብኩ። ሰሊጡ ግን ደረቅ ነው፤ ይህን የማውቀው በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል እኔ ብቻ ነኝ። ደስ እንዳይለኝ አፈርኩ፤ እንዳላዝን ደግሞ ጎተራው ትዝ አለኝ።

ቤት ገብቼ ልብሴን እየጨመቅሁ ነገሩን ለውባለም አወጋኋት። ለማንም ትንፍሽ እንዳትል የተባልኩት ሚስትን ይጨምራል ብዬ አላሰብኩም። የጨመቅሁትን እየተቀበለች ሰማችኝ።

«አባቴ እናገራለሁ ካሉ ይናገራሉ» አለች በመጨረሻ። «አንተ ግን ከሳቸው ቀድመህ አፍህን ብትከፍት አልጋህን መጋዘን አንጥፍ። ድንኳኑ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው።»

በማግስቱ አቶ አዱኛ እንዳሉት መጡ። በሰሊጥ መኪና ላይ፣ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጠው፣ ድንኳኑን ከኋላ አስጭነው በለቅሶው መሀል ቆሙ። ሲወርዱ አፋቸውን ለመናገር ሲከፍቱ አይቻለሁ፤ እመሰክራለሁ። ግን ማንም ጊዜ አልሰጣቸውም።

«አያ አዱኛ ፈልገው አገኙት» አለ አንዱ።

በዚያች ቃል ነገሩ አለቀ። ሰው ተነሥቶ ትከሻቸውን ሳመ። በዚህ ዕድሜያቸው፣ በዚያ ዝናብ፣ የእድሩን ድንኳን ከሌባ እጅ ሲያስጥሉ ያደሩ ሽማግሌ ተብለው ተመረቁ። ሌባው ማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም፤ ሁሉም ግን በዓይኑ ጠርዝ እኔን አየ። ድንኳኑ ሲተከል ከእጥፋቱ ሰሊጥ ረገፈ። «ሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ነበር የደበቀው ማለት ነው» ሲል ሰማሁ አንዱን። አማቴ በሰው ራስ ላይ አሻግረው አዩኝ። እኔም አየኋቸው። ሁለታችንም ለቅሶ ቤት ነውና ዝም አልን።

ከሠልስቱ በኋላ እድሩ ተሰበሰበ። የተሰበሰብነው እዚያው ድንኳን ሥር ነው። አቶ ይርጋ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ የጠፋ ነገር መገኘቱ ጥሩ ቢሆንም እንዴት እንደጠፋ መታወቅ አለበት አሉ። አቶ አዱኛ እጃቸውን አንሥተው ቆሙ።

«ድንኳኑን የወሰድኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ማንም አልሰረቀውም። በቁልፌ ከፍቼ፣ ሰሊጤን ልሸፍንበት ወሰድኩት። ጥሩወርቅን ያለ ጥላ ያስለቀስኩት፣ እናንተንም በዝናብ ያስመታሁት እኔ ነኝ። ይህ ልጅ ምንም የለበትም። ያሻችሁን ፍረዱብኝ።»

እኔ እንባዬ መጣ፤ ነጻ ወጣሁ ብዬ ነው። ከዚያ ከሴቶቹ በኩል አንድ ሲቃ ተሰማ። ቀጥሎ ሌላ። አንድ አሮጌ ገበሬ ተነሥተው አቶ አዱኛ እግር ሥር ሊወድቁ ሲሉ ሰው ያዛቸው።

«አባት ማለት ይህ ነው» አሉ ገበሬው። «ለልጃቸው ትዳር ብለው ስማቸውን ጭቃ ውስጥ ጣሉ።»

«ኧረ እውነቴን ነው» አሉ አቶ አዱኛ።

«እናውቃለን አያ አዱኛ። ይቀመጡ።»

«በመድኃኔዓለም እኔ ነኝ የወሰድኩት።»

«አይማሉ፤ በሱ የተነሣ ነፍስዎን አይጉዱ» አሏቸው አቶ ይርጋ፣ ወደ እኔ በአገጫቸው እያመለከቱ። አማቴ በማሉ ቁጥር የኔ ወንጀል ከፍ አለ፤ የሳቸው ቅድስና አብሮ ከፍ አለ። ከሴቶቹ መሀል ውባለም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። እሷ እንኳ፣ ሁሉን የምታውቀው ሴትዮ፣ በአባቷ ደግነት ልቧ ተነክቶ ነው የምታለቅሰው። ኋላ ስጠይቃት «ሁሉም ሲያለቅስ ምን ላድርግ» አለችኝ።

ተስፋ ስቆርጥ ስልኬን ይዤ ተነሣሁ። ያን ቀን ያስቀረሁትን የካርታውን ምስል ከፍቼ ለአቶ ይርጋ ሰጠሁ። «ይኸው፣ ድንኳኑ ላይ መከታተያ ሰፍቼበት ነበር። ጠፍቶ የተገኘው የት እንደሆነ እዩ። የሳቸው እርሻ ነው።»

አቶ ይርጋ መነጽራቸውን አድርገው አዩ። «ስለዚህ ድንኳኑ የት እንዳለ ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር።»

«አዎ፤ ግን…»

«እኛ ከመኪና ሥር ስንድህ ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«እና ደግሞ ወስደህ የደበቅከው በአማትህ እርሻ ላይ ነው።»

አንድ ምስክር ነበረኝ። እድሪስ ከኋላ ተቀምጦ ነበርና «እድሪስን ጠይቁት» አልኩ። እድሪስ ሊረዳኝ ብሎ ከልቡ ተነሣ። «ልክ ነው፤ እኔ ነኝ የሸጥኩለት። ጥሩ ዕቃ ናት፤ ሰውየው ሳያውቅ ያለበትን ትናገራለች። ለማንም እንዳትናገር ብሎኝ ነበርና እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።» ቃሉን በመጠበቁ ደስ ብሎት ተቀመጠ። በዚያች ቅጽበት የተሰማውን ማጉረምረም መግለጽ አልችልም።

ፍርዱ ረጅም አልነበረም። ለአያ አዱኛ ክብር ሲባል ጥፋቴ ይቅር ተባለልኝ። ቁልፌን ግን እንዳስረክብ ታዘዝኩ። ሁለቱም ቁልፎች ከእንግዲህ በአያ አዱኛ እጅ እንዲሆኑ በአንድ ድምፅ ተወሰነ። አማቴ «አልቀበልም» ቢሉ ትሕትናቸው ነው ተብሎ በግድ ኪሳቸው ውስጥ ተከተተ።

ስብሰባው ሲበተን ሁለታችን ጎን ለጎን ወደ ቤት መንገድ ጀመርን። ብዙ ሄደን ነበር እሳቸው ሲናገሩ።

«ስድሳ ዓመት ሙሉ ያልኩትን ሁሉ አምነውኛል» አሉ። «አንዳንዱ እንኳ እውነት አልነበረም።»

ኪሳቸው ውስጥ ቁልፎቹ እየተጋጩ ሲንቃጨሉ ይሰማኝ ነበር።

መናኸሪያው ጋ ስንደርስ ከኋላችን እየሮጠ የሚመጣ ሰው ሰማን። ባምላኩ ነው። ጥቁር ልብሱ ላልቶበታል፤ ዓይኑ አብጧል። መጀመሪያ አማቴን ጉልበታቸውን ስሞ ተነሣ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ሊመታኝ ነው ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። እጄን በሁለት እጁ ያዘ።

«እናቴ ቂም አታውቅም ነበር» አለኝ። «እዚህ በር ላይ ሻይ ጠጥቶ የካዳትን ሁሉ በነጋታው ቁጭ በል ትለው ነበር። እኔም ይቅር ብዬሃለሁ። ከልቤ ነው።»

አማቴን አየኋቸው። አፋቸውን ከፈቱ፤ ምን እንደሚሆን አስበው መልሰው ዘጉት፤ አንገታቸውን ደፉ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት ባምላኩን።

ሳበኝና አቀፈኝ። ትከሻው ላይ ተደግፌ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። እሱም መጸጸቴን አይቶ፣ ጀርባዬን ቀስ እያለ እየመታ፣ አብሮኝ አለቀሰ።